በጎጃም ደጋ በጓሮ አትክልት ላይ የሚነሡትን ተባዮች በቤት ውስጥ በሚሰናዳ መድኃኒት ስለ መከላከል

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባሉት በጎዛምን፤ በማቻከል፤ በአነደድና በስናን ወረዳዎች ክረምቱ አልፎ ምድር በሚደርቅበት ጊዜ፤ ከጮቄ ተራራ የሚወርደውን የወንዝና የምንጭ ውሃ በቦይ እየመራ ጓሮውን የሚያለማው ሰው ብዙ ነው። ከዚህም ልማት የሚገኘው ጎመን፤ ድንች፤ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ አንደኛ ለቤተ ሰቡ ምግብ ይሆናል፤ ሁለተኛ በገበያ ተሸጦ ለጨውና ለልብስ፤ ለልጆችም ደብተር መግዣ ይውላል። ይልቁንም በዓቢይ ጾም ሥጋና ወተት በማይበላበት ወራት የየቤቱ ገበታ የሚቃናው በጓሮ ተክል ስለ ሆነ፤ ጓሮውን በደኅና የጠበቀ ባለቤት በዚያን ጊዜ የድካሙን ዋጋ ያገኛል።

ነገር ግን ተባዩም የሚበረታው በዚሁ ወራት ነው። በክረምት ብርቱው ዝናም የጎመኑን ቅጠል እያጠበ ተባዩን ያወርደዋል። በበጋ ግን ዝናሙ ቀርቶ ፀሐዩ ሲሞቅና ውሃው በቦይ በኩል ሥሩን ብቻ ሲያጠጣ፤ ቅጠሉን የሚያጥበው ስለሌለ ተባዩ ያለ ከልካይ ይራባል። ስለዚህ ጎመኑ ለገበታ በሚፈለግበትና በተባይ በሚያዝበት ጊዜ መካከል የቀን ልዩነት እንኳ አይገኝም። መጠንቀቅ የሚያሻው ስለዚህ ነው።

ባለቤቱ ጎመኑ ሲጠወልግና ሲጨማደድ ባየ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚያደርገው ነገር ወደ ገበያ ሄዶ መርዝ መግዛት ነው። መርዙም በሕጋዊ መደብር ከነመግለጫ ወረቀቱ የተሸጠ ቢሆን መልካም ነበር። ዳሩ ግን ከትልቁ ዕቃ ወደ ውሃ መያዣ ጠርሙስ እየተቀዳ፤ ስሙም መጠኑም ሳይጻፍበት በየገበያው የሚቸረቸር አለ። እንዲህ ያለውን የገዛ ሰው ለስንት ሊትር ውሃ ስንት እንደሚጨምር አያውቅም፤ ከረጨም በኋላ ስንት ቀን መታገሥ እንደሚገባው አያውቅም። በመግለጫ ወረቀት ላይ ከመርጨት እስከ መልቀም ድረስ ያለው የመጠበቂያ ቀን ተለይቶ የሚጻፈው ያለ ምክንያት አይደለም፤ መርዙ በፀሐይና በአየር ኃይሉ እስኪደክም ድረስ ቅጠሉ ለሰው የማይበላ በመሆኑ ነው። ሐሙስ የተረጨ ጎመን ዓርብ ተቀንጥሶ ለወጥ ቢገባ፤ ተባዩን ለመግደል የታሰበው መርዝ ወደ ልጆች ሆድ ይገባል። ጠርሙሱም የሚጠጣ ነገር ይመስላቸውና ሕፃናት ቢያነሡት የሚመጣው ጥፋት ከጎመን መበላሸት ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ይህንን ለመከልከል በ2002 ዓ.ም. የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 ታውጆ ያልተመዘገበ መድኃኒት እንዳይሸጥ ታዝዟል። አዋጁን በገበያ ማስከበር የአስተዳዳሪዎች ሥራ ነው። ነገር ግን ሻጩን ብቻ መከልከል ገዢውን አያሳርፈውም፤ ጎመኑ በተባይ ሲበላ ዝም ብሎ እንዲያይ የታዘዘ ገበሬ ጨለማን ተገን አድርጎ ይገዛልና። በመርዙ ፈንታ በቤቱ ሊያሰናዳው የሚችለውን ነገር ማሳየት ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የሚገለጸው የዚሁ ነገር አኳኋን ነው።

በመጀመሪያ አንድ አሳብ መቃናት አለበት። ከቅጠልና ከፍሬ የተሠራ መድኃኒት ሁሉ ጉዳት የለውም የሚል አሳብ በብዙ ሰው ዘንድ ይገኛል፤ ይህ ስሕተት ነው። መርዝነት ከፋብሪካ በመውጣትና ከጓሮ በመልቀም አይለይም። ደግሞም በቤት የሚሠራ ሁሉ እኩል ይሠራል ማለት አይደለም፤ አንዱ እውነተኛ መድኃኒት ሲሆን ሌላው ከሽታው በቀር ብዙ ጥቅም የሌለው ነው። እንግዲህ አስቀድሞ የተባዩን ዓይነት ማወቅ፤ ከዚያ በኋላ ለእርሱ የሚስማማውን መምረጥ ይገባል። በትል ላይ ሳሙና መርጨት፤ በክሽክሽም ላይ ኒም ረጭቶ በማግሥቱ ውጤት መጠበቅ ሁለቱም ከንቱ ድካም ናቸው።

በጎጃም ደጋ ጎመንን ከሁሉ አብልጦ የሚያጠፋው ክሽክሽ ነው። ይኸውም ከሰናፍጭ ቅንጣት እምብዛም የማይበልጥ፤ አካሉ ለስላሳ፤ አመድ የተነሰነሰበት የሚመስል ትንሽ ተባይ ሲሆን፤ በቅጠሉ ጀርባና በለጋው ቀንበጥ ላይ ተደራርቦ ይሰፍራል። አፉ እንደ መርፌ የሾለ ስለ ሆነ ቅጠሉን አይበላም፤ ነገር ግን ወግቶ ውሃውን ይመጥጣል። ስለዚህ ቅጠሉ ሳይቀደድ ይጨማደዳል፤ ይገረጣል፤ ቀንበጡም ማደጉን ይተዋል። ከራሱም የሚያጣብቅ ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚያወጣ ጉንዳን ይከተለዋል፤ በፈሳሹም ላይ ጥላሸት የመሰለ ሻጋታ ይበቅልበታል። በሙቅ ወራት ሴቲቱ ያለ ወንድ፤ እንቁላልም ሳትጥል፤ ሕያዋን ልጆች ትወልዳለች። እነዚያም ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ አድገው ራሳቸው ይወልዳሉ። እንግዲህ በዛሬ ሳምንት በአንድ ቅጠል ላይ የታየ ክሽክሽ፤ ቸል ቢባል፤ ከወር በኋላ መደቡን በሞላ ይይዘዋል።

ስለዚህ ጓሮ ያለው ሰው በሳምንት ሁለት ጊዜ ቅጠሉን እየገለበጠ ጀርባውን ማየት አለበት። መጀመሪያ የተያዙት ጥቂት ቅጠሎች ቢሆኑ፤ እነርሱን ቀንጥሶ ከጓሮ አርቆ መቅበር ወይም ማቃጠል ከመድኃኒት ሁሉ ይቀድማል፤ ዋጋም የለውም። በዚያው ጊዜ ሌላ ነገር መመልከት ይገባል። በክሽክሹ መካከል ቀይ ሆና ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ክብ ጥንዚዛ ብትገኝ እርስዋ የገበሬ ወዳጅ ናት፤ እርስዋም፤ አዞ መሳይ ጥቁር ልጅዋም፤ ክሽክሹን እየለቀሙ ይበላሉ። ደግሞ ከክሽክሾቹ አንዳንዱ አብጦ፤ ደርቆ፤ ነሐስ የመሰለ ቀለም ይዞ በቅጠሉ ላይ ተጣብቆ ቢታይ፤ ይህ ተባይ በሽተኛ ሆኖ የሞተ ነው። በዓይን ለማየት የምታስቸግር ጥቃቅን ተርብ እንቁላልዋን በሆዱ ውስጥ ጥላበት፤ ልጅዋ ከውስጥ በልታው ወጥታለች። በቅጠሉ ላይ እንዲህ ያሉት በዝተው የተገኙ እንደ ሆነ፤ ሦስት ወይም አራት ቀን ታግሦ ማየት ይሻላል፤ ሥራው ያለ ሰው እጅ በመሠራት ላይ ነውና። ብርቱ መርዝ የረጨ ሰው እነዚህን ወዳጆች ከጠላት ጋራ ይጨርሳል። ክሽክሹ ግን ቶሎ የሚወልድ ስለ ሆነ እርሱ ብቻውን አስቀድሞ ይመለሳል፤ ከመጀመሪያውም ይልቅ ይበዛል።

ለክሽክሽ በቤት ከሚሠሩት ሁሉ የታመነው የሳሙና ውሃ ነው። ይህም ቀላል በመሆኑ ብዙ ሰው ይንቀዋል። የክሽክሹን አካል የሸፈነው አመድ መሳይ ሰም ተራ ውሃን ያንሸራትታል፤ የጎመኑም ቅጠል እንዲሁ ነው። ሳሙና ግን ውሃውን በሰሙ ላይ ይዘረጋዋል፤ የተባዩን ለስላሳ ቆዳ ይጐዳል፤ መተንፈሻውንም ይደፍናል። መጠኑ ለአንድ ሊትር ውሃ ከ10 እስከ 20 ግራም ሳሙና ነው። ሚዛን ለሌለው ቤት የሚመቸው መለኪያ ይህ ነው፦ 200 ግራም የሚመዝን አንድ የልብስ ሳሙና ለአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ይበቃል። ሳሙናው በቢላዋ ተፍቆ በጥቂት ሙቅ ውሃ ይሟሟል፤ ከዚያ በኋላ ከቀዝቃዛው ጋራ ይቀላቀልና በነጠላ ጨርቅ ይጠለላል። የዱቄት ሳሙና ግን ለዚህ አይሆንም፤ በውስጡ የተጨመሩት ልዩ ልዩ ነገሮች ቅጠሉን ያቃጥሉታል። ውሃው አረፋ የማይሰጥ ከሆነ የዝናም ውሃ መጠቀም ነው።

የሳሙና ውሃ የሚገድለው የነካውን ተባይ ብቻ ነው፤ ከደረቀ በኋላ አንዳች ኃይል የለውም። ስለዚህ ሳሙና ሞከርሁ አልሠራልኝም የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ የቅጠሉን ፊት ብቻ የረጨ ሆኖ ይገኛል። ተባዩ ያለው በጀርባው ነው። የመርጫው አፍ ከታች ወደ ላይ ዞሮ፤ ጀርባው እስኪንጠባጠብ ድረስ መረጨት አለበት። መርጫ ያላገኘ ሰው የሳር መጥረጊያ በሳሙናው ውሃ እየነከረ ቅጠሉን በአንድ እጁ ገልብጦ ቢያርከፈክፍ ይሆናል፤ ለአነስተኛ ጓሮም በጨርቅ መጥረግ ይበቃል። ሰዓቱ ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው፤ በቀትር የተረጨ እንደ ሆነ ውሃው ቶሎ ደርቆ ሥራውን ሳይፈጽም ይቀራል፤ ቅጠሉም ይቃጠላል። አስቀድሞ በሁለትና በሦስት ቅጠል ላይ ሞክሮ ሁለት ቀን መጠበቅ ብልኅነት ነው። ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ባለው ጊዜ እየደገሙ እስከ ሦስት ጊዜ መርጨት ይቻላል፤ ከዚያ አብልጦ ማድረግ ግን የቅጠሉን የራሱን ሰም ስለሚያጥብ ተክሉን ያደክመዋል። የተረጨውን ጎመን በንጹሕ ውሃ ደኅና አድርጎ ካጠቡ በኋላ መብላት ይቻላል፤ የሳሙና ውሃ ከሌሎቹ ሁሉ የሚመረጥበትም ዋናው ምክንያት ይኸው ነው።

ጎመኑ ግን ተጨማዶ ሳይሆን ተበሳስቶ የተገኘ እንደ ሆነ፤ ጠላቱ ክሽክሽ ሳይሆን ትል ነው። ይልቁንም በጥቅል ጎመን ላይ የሚገኘው አረንጓዴ ትንሽ ትል፤ በእንጨት ሲነኩት ወደ ኋላው እየተወራጨ በቀጭን ፈትል ተንጠልጥሎ የሚወርደው፤ በዓለም ሁሉ ገበሬን ያስመረረ ነው። ይህ ትል መርዝን በመልመድ የታወቀ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ዓመታት በጃቫ ደሴት ዲዲቲ እየተረጨበት ሳይሞት መቅረቱ ታውቋል፤ ከዚያም ወዲህ የወጡትን መርዞች አብዛኞቹን በየአገሩ እየለመደ አልፏቸዋል። ስለዚህ መጠኑን እያበዙ በየሳምንቱ መርጨት ሰውንና ንብን ይጐዳ እንደ ሆነ እንጂ ለትሉ ትምህርት ቤት ከመክፈት አይቈጠርም።

ለትል ከሚሠሩት ውስጥ ደኅነኛው የኒም ፍሬ ነው። ኒም የቆላ ዛፍ በመሆኑ በደብረ ማርቆስ ብርድ አይስማማውም፤ ከተማይቱ ያለችው ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ነውና። ስለዚህ ፍሬውን ዛፉ ከሚበቅልበት ቆላ ማስመጣት ያስፈልጋል። የደረቀው ፍሬ ተፈልፍሎ ውስጡ ይወቀጣል፤ ለ10 ሊትር ውሃ ግማሽ ኪሎ ዱቄት ተዘፍዝፎ ያድራል፤ በማግሥቱ ተጠልሎ ጥቂት ሳሙና ይገባበታል፤ በዚያው ቀን ማምሻውን ይረጫል። የፀሐይ ብርሃን ኃይሉን ስለሚያጠፋው ለሌላ ሳምንት ማስቀመጥ አይገባም። ኒም እንደ መርዝ ወዲያው አይገድልም፤ ትሉ መብላት እንዲጠላ፤ ቆዳውንም ለውጦ እንዳያድግ ያደርገዋል። ይህን ያላወቀ ሰው በማግሥቱ ትሉን በሕይወት አይቶ መድኃኒቱ ሐሰት ነው ብሎ ይተወዋል። በአራተኛውና በአምስተኛው ቀን ቅጠሉ አዲስ ቀዳዳ አለው ወይስ የለውም ብሎ መመልከት ነው ፍርዱ። ኒም ያልተገኘ እንደ ሆነ፤ ለአንድ ቤተ ሰብ በሚበቃ ጓሮ ላይ ጧት ጧት በእጅ መልቀም ከሁሉ ይሻላል፤ ልጆችም ይረዱበታል።

ችግኝ ሌሊት ከግንዱ ተቈርጦ ወድቆ ሲገኝ ያደረገው ቆራጭ ትል ነው፤ እርሱም ቀን በአፈር ውስጥ ስለሚደበቅ የሚረጭ ነገር አያገኘውም። በወደቀው ችግኝ ዙሪያ የአንድ ጣት ያህል ጥልቀት አፈሩን ገለጥ ቢያደርጉ ተጠቅልሎ ተኝቶ ይገኛል። በቀሩት ችግኞች ዙሪያ ደረቅ አመድ በክብ መነስነስ እንዳይቀርብ ያግደዋል፤ ሲርስ ግን መታደስ አለበት። በጎዛምንና በማቻከል ያለው ቀይ አፈር አሲድነት ስለሚያጠቃው፤ መጠነኛ አመድ ለአፈሩም የሚጠቅም እንጂ የሚጐዳ አይደለም።

ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ በአንድነት ተወቅጠው የሚሠሩት መድኃኒት ከሁሉ ይልቅ የተመሰገነ ነው፤ ምስጋናው ግን ከሥራው ይበልጣል። አንድ ራስ ወይም ሁለት ራስ ነጭ ሽንኩርት ከአንድ ማንኪያ ሚጥሚጣ ጋር ተወቅጦ በአንድ ሊትር ውሃ ካደረ በኋላ፤ ተጠልሎ በአምስት ሊትር ውሃና በጥቂት ሳሙና ቢቀጥን፤ ሽታውና ማቃጠሉ ገና ያልሰፈረውን ተባይ ለጥቂት ቀን ያርቀዋል። የሰፈረውን ግን አያጠፋም፤ የሞተም ቢገኝ የገደለው በውስጡ የገባው ሳሙና ነው። ነጭ ሽንኩርት በሚወደድበት ጊዜ በዚህ መንገድ ማጥፋቱ ትርፍ የለውም። የላም ሽንትም እንዲሁ ነው። ክዳን ባለው ዕቃ ሁለት ሳምንት ያህል ከተቀመጠ በኋላ አንድ እጁ በአሥር እጅ ውሃ ቀጥኖ ቢረጭ ተባይን ያርቃል፤ ከሁሉ ይልቅ ግን የሚጠቅመው ለተክሉ ማዳበሪያ ሆኖ ነው። ያለ ውሃ የተረጨ እንደ ሆነ ቅጠሉን ያቃጥላል። ሳይበሰል በሚበላ እንደ ሰላጣና ቃሪያ ባለ ተክል ላይ ከቶ መረጨት የለበትም።

የትምባሆ ውሃ ተባይን በእርግጥ ይገድላል፤ በአውሮጳም ከ200 ዓመት በላይ ሲሠራበት ቆይቷል። ቢሆንም በጓሮ እንዲሠራበት ማንም ሰው ሊመክር አይገባም። በውስጡ ያለው ኒኮቲን በቆዳ በኩል ወደ ሰው ደም ይገባል፤ ትምባሆ የዘፈዘፈች ሴት እጅዋ ርሶ ማስታወክና ማዞር ቢይዛት ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ቢበዛም ይገድላል። ደግሞም በትምባሆ ቅጠል ውስጥ የሚኖር አንድ የተክል በሽታ ወደ ቲማቲምና ወደ ቃሪያ ተላልፎ ቅጠሉን ያዥጐረጕረዋል፤ ለዚህም በሽታ መድኃኒት የለውም። ተባዩን ለማጥፋት ብሎ በሽታ መዝራት ይሆናል።

አሁን ስለ ብርብራ መናገር ያስፈልጋል፤ ይህ ነገር ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደለምና። ብርብራ በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚበቅል ዛፍ ነው፤ በወይና ደጋውና ወደ ደጋው መግቢያ ባለው አገር በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥርና በየወንዙ ዳር ይታያል። ዓሣ አጥማጆች ፍሬውን ወቅጠው በውሃ ላይ በበተኑት ጊዜ ዓሣው ራሱን ስቶ ወደ ላይ እንደሚንሳፈፍ ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል፤ በጣና ሐይቅ ዙሪያም ዓሦች ለመራባት ወደ ገባር ወንዞች በሚወጡበት ጊዜ ይህ ሲደረግ ኖሯል። ከዚህ የሚገርመው፤ በእስያ በማላያ፤ በደቡብ አሜሪካም በፔሩ፤ እርስ በርሳቸው ከቶ የማይተዋወቁ ሕዝቦች የዚሁ የብርብራ ወገን ከሆኑ ሌሎች ተክሎች ሥር እየወቀጡ ዓሣ ማጥመዳቸው ነው። የሁሉም ኃይል አንድ ነው፤ ሮቴኖን ይባላል። ይህም ነገር የሕያው አካል አየርን ወደ ኃይል የሚለውጥበትን ሥራ ስለሚያቆም፤ ዓሣውም ትሉም አየር እያለ እንደ ታፈነ ይሞታል።

ሮቴኖን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በብዙ አገር የጓሮ ዋና መድኃኒት ነበረ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1939 የስዊስ ሰው ፓውል ሙለር ዲዲቲ ተባይን እንደሚገድል ባገኘ ጊዜ፤ በ1948ም ለዚሁ የኖቤል ሽልማት በተሰጠው ጊዜ፤ የቅጠልና የሥር መድኃኒት ሁሉ ተንቆ ተጣለ። ዲዲቲ በምድርና በሰው አካል ውስጥ ለብዙ ዘመን ሳይጠፋ እንደሚኖር ከታወቀ በኋላ ግን፤ ኢትዮጵያ አባል በሆነችበት በስቶክሆልም ስምምነት የወባን ትንኝ ከመሰለ በሽታ አስተላላፊ ለመከላከል ካልሆነ በቀር እንዳይሠራበት ተከልክሏል። በዚህም የተነሣ ሰዎች ወደ ቀድሞው መድኃኒት ፊታቸውን መለሱ፤ በኢትዮጵያም ሊቃውንት ብርብራን በልዩ ልዩ ተባዮች ላይ መርምረው ኃይል እንዳለው አይተዋል።

ነገር ግን ቀድሞ ያልታወቀ ነገር ደግሞ ታወቀ። ሮቴኖን በአይጦች ላይ በተደረገ ምርመራ የመንቀጥቀጥ በሽታን የሚመስል የአንጎል ጉዳት አስከትሏል፤ የአውሮጳ ኅብረትም በፈረንጅ አቆጣጠር በ2008 ከተፈቀዱት መድኃኒቶች ዝርዝር እንዳይገባ ወሰነ። እንግዲህ ብርብራ የአያቶች መድኃኒት ነው ተብሎ በሚበላ ጎመን ላይ እንዲረጭ መምከር አይገባም። ከዚህም ሁሉ በላይ የውሃው ነገር አለ። በደብረ ማርቆስ አጠገብ የሚያልፈው ጨሞጋና ሌሎቹም ከጮቄ የሚነሡት ወንዞች ጓሮ እያጠጡ፤ ከብት እያጠጡ፤ ለሰውም መጠጥ እየሆኑ ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ብርብራ የተወቀጠበት ዕቃ በወንዝ ቢታጠብ ወይም ለቅጠል የተረጨው በቦይ በኩል ወደ ምንጭ ቢመለስ፤ በታች ያለው ዓሣና የውሃ ነፍሳት ያልቃሉ። ዛፉ ራሱ ግን ሊጠበቅ ይገባዋል፤ አበባው ለንብ ይሆናል፤ ሥሩም እንደ ባቄላ ምድርን ያለመልማል።

እንዶድም በዚሁ ሥርዓት መታየት አለበት። የእንዶድ ፍሬ ልብስ ማጠቢያ ሆኖ ለብዙ ዘመን የኖረ ነው፤ አረፋውም እንደ ሳሙና ውሃን በቅጠል ላይ ይዘረጋል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ አጠገብ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አግኝተው፤ ለቢልሃርዝያ በሽታ መከላከያ ሊሆን እንደሚችል አስረዱ፤ ስለዚህም ሥራ በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋራ በዓለም የታወቀ ሽልማት ተቀበሉ። ቀንድ አውጣን የሚገድል ዓሣንም ይገድላል። ሳሙና በታጣበት ቤት ለክሽክሽ የሚሞክረው ቢኖር፤ ትራፊውን በደረቅ መሬት ጕድጓድ ውስጥ ማፍሰስ እንጂ ወደ ቦይ መመለስ የለበትም። ለመድኃኒት የተሠራበት ሙቀጫና ዘነዘናም ለቅመም አይመለስም።

ንብን ያላሰበ ሰው የጎጃምን ገበሬ ጥቅም አላሰበም ማለት ነው። ከላይ ከተነገሩት ውስጥ የሳሙና ውሃ እንኳ ንብን በቀጥታ ቢያገኛት ይገድላታል። ስለዚህ አበባ ያወጣ ጎመን ዘርና ባቄላ በቀን ከቶ አይረጭም። ንቦች ወደ ቀፎአቸው ከገቡ በኋላ የተረጨው ሳሙና ግን እስኪነጋ ይደርቃል፤ ጧት ሲመለሱ አይጐዳቸውም። በአንድ ቀበሌ ያለው አንድ ሰው በቀትር ብርቱ መርዝ ቢረጭ የጎረቤቱ ቀፎ ባዶ እንደሚሆን፤ ከዚያም ወደ ሽማግሌና ወደ ፍርድ ቤት የሚመጣው ክስ እንደ ምን አስቸጋሪ እንደ ሆነ፤ ሹማምንቱ ከሌላው ይልቅ ያውቁታል። የመርጫ ሰዓት ከምሽት በፊት እንዳይሆን በቀበሌ ስብሰባ ቢወሰን ብዙ ጠብ ይቀራል።

ይህ ሁሉ በቃል ብቻ ቢነገር እምብዛም አይታመንም። የወረዳ አስተዳዳሪዎችና ሰፊ ጓሮ የያዙ ሰዎች በኅዳርና በታኅሣሥ፤ ክሽክሹ ከመበርታቱ በፊት፤ በገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከል ወይም በትምህርት ቤት ጓሮ ሦስት መደብ ጎመን ጎን ለጎን እንዲተከል ቢያደርጉ መልካም ነው። አንዱ መደብ አይነካም፤ አንዱ በተራ ውሃ ይረጫል፤ ሦስተኛው በሳሙና ውሃ። ተራ ውሃ የሚረጨው፤ የጠቀመው ሳሙናው ወይም ውሃው መሆኑን ለመለየት ነው። የልማት ሠራተኛው በየሳምንቱ ከእያንዳንዱ መደብ 20 ተክል ያያል፤ ክሽክሽ የተገኘባቸውን ቈጥሮ ይጽፋል። የወጣውም ወጪ፤ ማለት የሳሙናው ዋጋና የሰው ድካም፤ አብሮ መጻፍ አለበት፤ ገበሬው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለዚህ ነውና። በስናን ብርድ የተገኘው ቍጥር ወደ ዓባይ በሚያዘቀዝቀው በባሶ ሊበን ሙቀት ከሚገኘው ጋራ አንድ ላይሆን ስለሚችል፤ እያንዳንዱ ወረዳ የራሱን መሞከር ይገባዋል።

ከአንድ ነገር ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሙከራው የተሳካለት ሰው መድኃኒቱን በጠርሙስ እየሞላ ወደ ገበያ ቢያወጣ፤ ያን ጊዜ ነገሩ ለገዛ ጓሮ መሥራት መሆኑ ቀርቶ ያልተመዘገበ መድኃኒት መሸጥ ይሆናል፤ ከላይ የተጠቀሰው አዋጅም ይይዘዋል። ማስተማር የሚገባው አሠራሩን እንጂ ጠርሙሱን ማደል አይደለም። ትምህርቱም ለአባወራው ብቻ የተነገረ እንደ ሆነ ከመንገድ ይቀራል፤ ጓሮውን የምትኰተኵተው፤ ጎመኑን የምትቀነጥሰው፤ ሳሙናውንም የምትገዛው የቤቱ እመቤት ስለ ሆነች እርስዋ በመደቡ አጠገብ ቆማ ቅጠሉን በገዛ እጅዋ ገልብጣ ማየት አለባት። ለዚህም በገበያ ቀን ማግሥት፤ ውሃና እንጨት ከተቀዳና ከተለቀመ በኋላ ያለው ሰዓት ይመረጣል።